ግማሽ ኪሎ ጋዝ

ሰዎች ሕይወታቸውን ስለለወጠው ቀን ሲያወሩ ብዙውን ጊዜ በወሬው ውስጥ የተወለደ ልጅ፣ የሞተ ዘመድ ወይም የደረሰ ሎተሪ አይጠፋም። በእኔ ወሬ ውስጥ ያለው አንድ የቡታጋዝ ሲሊንደር ነው። ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፣ እኔም ሳወራው እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን አልሳቅኩም።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ሊያበቃ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። እናትና አባታችን ስለሞቱ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነው፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለታችን እንኖር ነበር። ጋሼ የአንድ መጋዘን ጸሐፊ ነው። ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ፣ የወጣውን ቃል ደግሞ የማያጥፍ ሰው ነው።

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጣልያናዊት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ኬክ መጋገር ተምሬያለሁ። ሲኞራ ወደ አገሯ ስትመለስ አሮጌውን የጋዝ ምድጃ ከነመጋገሪያው፣ ከአንድ ሲሊንደር ጋር ለእኔ ሰጠችኝ። ጋሼ ምድጃውን ሲያየው ደስ አላለውም። «ይሄ ምን ያደርግልሻል? ጅማ አጎታችን ሱቅ የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። እዚያ ትሄጃለሽ» አለኝ። ጅማን አይቼ አላውቅም፤ አጎታችንንም ከአንዴ በላይ አላየሁትም።

ያዳነችኝ አስቴር ናት። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ናት፣ የቅቤ ነጋዴው የጋሽ ተካ ልጅ። በጥር ልታገባ ነው። «ፒያሳ እንዳሉት ሙሽሮች ሦስት ፎቅ ኬክ እቆርጣለሁ፤ የምትሠራውም ብርቄ ናት!» ብላ አባቷ ላይ ሙጭጭ አለች። በሠፈራችን የሠርግ ኬክ ያየ ሰው በጣት ይቆጠራል። ጋሽ ተካ ለልጁ እንቢ ማለት አያውቅም፤ እሺ አለ። ጋሼም አሰበ አሰበና የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ።

«ኬኩ ካማረ እዚሁ ሆነሽ ሙያሽን ትሠሪያለሽ። ከተበላሸ ግን ሰኞ ጠዋት በጅማ አውቶቡስ ትሳፈሪያለሽ።»

ሠርጉ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ክብ የኬክ ጣሳዎቼን አጥቤ ደረደርኩ፤ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ። እንቁላሉን የሠፈሩ ሴቶች ከየቤታቸው አዋጥተው አምጥተዋል፤ ትልቅ ቅርጫት ሞልቷል። ከእንግዲህ አንድ ተጨማሪ እንቁላል ከሠፈሩ ዶሮዎች ቢለመን የሚገኝ አይመስለኝም ነበር። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና «ጋዙ ይበቃል?» አለኝ።

ሲኞራ ስትሰጠኝ ስንት እንደቀረ አልነገረችኝም፤ እኔም ለልምምድ ሁለት ሳምንት ተጠቅሜበታለሁ። ብረት ነው፣ ውስጡ አይታይ። ይሄኔ እንቁላል ያመጡት ሴቶች ሁሉ የጋዝ ሊቅ ሆኑ። አንዷ በማንኪያ ኳኳ አድርጋ ጆሮዋን ደቀነች። ሌላዋ እንደ ቅቤ መናጫ ወዘወዘችውና «ቦጭ ቦጭ ይላል፣ አለ» አለች። የአስቴር እናት እትዬ ዘነበች ግን በሩ ጋ ሆነው «አትነካኩት! ይሄ ነገር ቦምብ ነው አሉ» እያሉ ያማትባሉ።

«ለምን ጋሽ ተካ ጋ አናስመዝነውም?» አለ ጋሼ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ተደሰትኩ። ጋሼ ራሱ ሲሊንደሩን ተሸከመና አምስት ቤት አልፎ ካለው ከጋሽ ተካ ሱቅ ወሰደው። ጋሽ ተካ ልጁን ሊድር አንድ ቀን ቀርቶት እንኳ ሱቁን አልዘጋም፤ ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ብትጮህበትም አልሰማም። ሲሊንደሩን ከሚዛኑ በአንዱ ወገን አንጠለጠለው፤ በሌላው ወገን የብረት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ጨመረ። ሚዛኑ ሲረጋ እጁን አጨበጨበ።

«አሥራ አምስት ኪሎ! አንቺ ልጅ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ጋዝ ይዘሽ ነው የምትጨነቂው? በዚህማ የኮልፌን ሕዝብ በሙሉ ትድሪበታለሽ!»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ በደስታ እየበረርኩ ተመለስኩ። አሥራ አምስት ኪሎ ጋዝ ያላት ሴት ምን ትፈራለች? መጋገሪያውን ለኩሼ እስኪግል ረጅም ጊዜ ተውኩት። በላይኛው እሳት ለሴቶቹ ሻይ አፈላሁ። ደግሜ አፈላሁ። ትልቁን ጣሳ አስገብቼ ጋገርኩ፤ ሲወጣ እንደ ትራስ ተነፍቶ፣ ቀላ ብሎ፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሼ እንኳ ከበሩ ጠጋ ብሎ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ለጣሳዎቹ መቀቢያ የሚሆን ቅቤ ልቀበል ወደ ጋሽ ተካ ሱቅ ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ ቅቤ በቅል እየገዛች ነው። ጋሽ ተካ ቅሉን ከነቅቤው ሚዛን ላይ አስቀምጦ «ሦስት ኪሎ ሞላ» አለ።

ሴትዮዋ ዐይኗን አጠበበች። «የቅሉን ቀንሰዋል?»

ጋሽ ተካ ተቆጣ። «እመቤቴ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅቤ ስሸጥ ባዶውን ቅል ሳልመዝን፣ ሳልቀንስ ሸጬ አውቃለሁ? ቅል ለሰው ቅቤ ብዬ እሸጣለሁ እንዴ እኔ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ያሰብነው ያንኑ ነው። በምድር ላይ ቅሉን ሳይቀንስ የማይመዝን አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ጠዋት ግን ያን ሁሉ ብረት ጋዝ ብሎ መዝኖልኛል!

«ወይኔ ተካ!» አለ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። «ብረቱ! ብረቱን አልቀነስኩም!»

ሱቁን ለሴትዮዋ ትቶላት ተከተለኝ። እየሮጥን ነው የገባነው። ባዶው ሲሊንደር ስንት እንደሚመዝን በምን እንወቅ? ጋሽ ተካ ብረቱን ዙሪያውን በመዳፉ ሲዳስስ ቆየና ከእጀታው ሥር ቆመ። «እዚህ የተጻፈ ነገር አለ፤ አንቺ ተምረሻል፣ አንብቢው» አለኝ። ቆሻሻውን በጥፍሬ ፋቅኩት። አንድ ረጅም ቁጥር ወጣ፤ እሱን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፣ የፋብሪካው ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ከበታቹ ግን አሥራ አራት የሚል ቁጥር አለ፤ ከጎኑም የኪሎ ምልክት።

«አሥራ አራቱ ቅሉ ነው» አለ ጋሽ ተካ በቀስታ።

ማለትም ጠዋት የነበረኝ አሥራ አምስት ሳይሆን አንድ ኪሎ ብቻ ነው። መልሰን ወደ ሱቁ ወስደን አስመዘንነው። አሥራ አራት ተኩል። ትልቁ ጣሳና ያ የማይረባ ሻይ ግማሽ ኪሎ በልተዋል። የቀረኝ ግማሽ ኪሎ፤ ያልተጋገሩት ደግሞ ሁለት ጣሳዎች።

ጋሼ ሰዓቱን አየ። «ጋዝ ሻጮቹ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ። ከሰኞ በፊት የለም።»

ሰኞ የሚለውን ቃል ሲናገር አውቶቡሱ ሲነሳ ታየኝ። ከሴቶቹ አንዷ «እንደ ድፎ ዳቦ እሳት ከላይም ከታችም አድርገን በከሰል እንጋግረዋ» አለች። ለልምምድ ሞክሬው ነበር፤ ከላይ አርሮ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ቀርቷል። ዳቦ ቤቱም እንደዚሁ፤ የእሱ እሳት ለዳቦ እንጂ ለኬክ አይሆንም። ወሬውን ሰምታ የመጣችው አስቴር እጄን ይዛ «በቃ አንድ ፎቅ ይሁን» አለችኝ፤ ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እልህ ያዘኝ። ሲኞራ ሁልጊዜ አንድ አንድ ጣሳ ነበር የምትጋግረው፤ እኔም እሷ ስታደርግ ያየሁትን ነው ያደረግሁት። ሁለቱን አንድ ላይ ባስገባስ? ብዙው ጋዝ የሚያልቀው መጋገሪያውን ለማጋል ነው፤ አንዴ ከጋለ ለአንዱም ለሁለቱም እሳቱ ያው ነው። ክር አምጥቼ የጣሳዎቹን ወርድ ለካሁ፤ ከዚያ የመጋገሪያውን ውስጥ። አንድ ጣት ቦታ ተረፈኝ።

«ይገባሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ጎን ለጎን ይገባሉ!»

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። የተመታ እንቁላል አይጠብቅም፣ ይረግባል። የሁለቱም ሊጥ እኩል መድረስ አለበት፤ እኔ ያለኝ ሁለት ክንድ ነው። ሴቶቹን አየኋቸው። እነሱም አዩኝ። እትዬ ዘነበች ያን ቦምብ ነው የሚሉትን ነገር አንዴ ገላምጠው ነጠላቸውን አገለደሙ።

«ሹካ አምጪ» አሉ።

ያን ሰዓት መቼም አልረሳውም። ዘጠኝ ሴቶች ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ በየጎድጓዳ ሣህናቸው እንቁላል ይመታሉ። ሹካው ይንጫጫል። አንዷ የሠርግ ዘፈን አወረደች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ክንዳቸውም ከዘፈኑ ጋር ፈጠነ። ሙሽራዋ ሳትቀር ትመታለች፣ ፀጉሯ በመጠቅለያ ተጠቅልሎ። እኔ ከአንዷ ወደ አንዷ እየሮጥኩ «ጨምሪ! አንቺ ይበቃሻል! እትዬ፣ እንዳያቆሙ!» እላለሁ። ታላላቆቼን ሳዝ የመጀመሪያዬ ነበር፣ እነሱም ይታዘዙኛል። ዱቄቱንና ስኳሩን ቀላቀልኩ፤ መጋገሪያው እንደጋለ ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ጋሼ፣ አርባ ደቂቃ ቁጠርልኝ።»

ጋሼ ሰዓቱን አውልቆ በእጁ ያዘው። አሥር ደቂቃ ደህና ሄደ። በሃያኛው ደቂቃ ላይ በታች ባለችው ቀዳዳ አጎንብሼ ሳይ እሳቱ አጥሯል። ሲሊንደሩን ብነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ላብም አውጥቷል።

«እያለቀ ነው!» አልኩ።

«በርዶት ነው፣ ላሙቀው» አለ ጋሼና ከሰል የተያያዘበትን ማንደጃ አንስቶ መጣ። ለመርዳት ነው፤ ግን ጋሽ ተካ በእድሜው ዘሎ የማያውቀውን ዘለለና መንገዱን ዘጋበት።

«ሰውዬ! ነገ ሠርግ ነው ያለብን ወይስ ቀብር? መልሰው እሳቱን!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስሚኝ ልጄ፣ ቅቤ በብርድ ቅል ላይ ሲጣበቅ እሳት አናሳየውም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠን ነው የመጨረሻውን የምናወጣው። ለብ ያለ ብቻ!»

ሳፋ መጣ። ጋሼ እሳቱን ከግቢው ጥግ አድርሶ ተመለሰና፣ ከምድጃው ጋር የሚያገናኘው የጋዝ ጎማ እንዳይጎተት እየተጠነቀቀ ሲሊንደሩን አንስቶ ሳፋው ውስጥ አቆመው። ለብ ያለ ውሃ በጆግ እያመጡ ዙሪያውን አፈሰሱበት። ትንሽ ቆይቶ እሳቱ ቀና አለ። ሰማያዊ ሆኖ፣ ደስ እያለው! ግቢው በእልልታ ተናወጠ። እኔ ብረቱን በመዳፌ ከታች ወደ ላይ ዳሰስኩት፤ ላዩ ውሃው አሙቆታል፣ ከታች ግን አንድ ጣት የምታህል ቀዝቃዛ መስመር አለች። ከመስመሯ በታች ያለው ነው የቀረኝ ጋዝ። ያኔ ነው ሲሊንደር ውስጡን እንዴት እንደሚናገር ያወቅኩት። መስመሯ በእጄ ሥር ዝቅ ስትል፣ ዝቅ ስትል፣ ከዚያ ስትጠፋ ተሰማኝ።

እሳቱ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። ቶሎ ብዬ መክፈቻውን ዘጋሁ።

«ስንት ሆነ?»

«ሠላሳ ሁለት» አለ ጋሼ።

ስምንት ደቂቃ ጎድሏል። ጋሼ ወደ መጋገሪያው እጁን ዘረጋ። «በይ ክፈችውና እንየው፤ የሆነው ሆኗል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሃያ ዓመት ዕድሜዬ ለጋሼ አንድም ቀን እንቢ ብዬው አላውቅም። ሲናገር ዐይኑን እንኳ አላየውም። ግን መጋገሪያው ገና ግሏል፤ በሩ ከተከፈተ ሙቀቱ ይወጣል፣ ያልደረሰ ኬክ ብርድ ከነካው መሐሉ ሰርጎ ይቀራል፤ ይሄን ከእኔ በቀር እዚያ ግቢ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ጀርባዬን ለመጋገሪያው በር ሰጥቼ ቆምኩ። ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይለበልበኛል።

«አይከፈትም፣ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«አይከፈትም። ሃያ ደቂቃ ቁጠርልኝ። ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም፣ አንተም ብትሆን።»

ጋሼ አየኝ፤ እኔም ዐይኔን ከዐይኑ ላይ አላነሳሁም። ከዚያ ወንድሜ፣ ያ ቃሉን የማያጥፍ ሰው፣ ዱካ ስቦ ተቀመጠና ሰዓቱን አየ።

«አንድ» አለ።

ሃያ ደቂቃ ሙሉ እየቆጠረ አንድ በአንድ ጠራልኝ። አሥራ አምስት ሲል እትዬ ዘነበች መድኃኔዓለምን እየተለማመኑ ነበር። ሃያ ሲል በሩን ከፈትኩ። ሁለቱም ቀልተዋል፤ ግን መልክ ያታልላል። ከመጥረጊያ ስንደዶ መዝዤ አጠብኩና መካከለኛው ላይ መሐል ለመሐል ሰካሁ። ሳወጣው ሊጥ አልያዘም፤ ደረቅ ነው። ትንሹ ላይ ሰካሁ። ደረቅ! ስንደዶውን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። አስቴር አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ጋሽ ተካ እየዘለለ እስክስታ ወረደ፤ ሴቶቹ ዱቄት በነካው እጃቸው ፊቴን እያገላበጡ ሳሙኝ። እኔ በሳቅና በለቅሶ መሐል ነበርኩ።

እሑድ ኬኩ በነጭ ስኳር ተሸልሞ ሦስት ፎቅ ሆኖ ዳሱ ውስጥ ቆመ። ሙሽሮቹ ሲቆርጡት ሕፃናት ጠረጴዛ ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ጋሼ ብቻ ምንም አላለም። ከድርሻው ቀምሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ዝም። ወደ ቤት ስንመለስም ዝም። ቃሉ ቃል መሆኑን ባውቅም ዝምታው አስፈራኝ፤ ለእሱ «አማረ» ማለት ምን እንደሆነ አልነገረኝምና።

ሰኞ ጠዋት ስነሳ ጋሼ የለም። ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ሲሊንደሩም የለም። ጎማው ብቻ ተንጠልጥሏል። ሸጠው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ልብሴን በሻንጣ ከትቼ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት።

አምስት ሰዓት ግድም በፌርማታው በኩል አንድ ሰው ትከሻው ላይ ከባድ ነገር ተሸክሞ ሲመጣ አየሁ። በየመሐሉ ይቆማል፣ ትከሻ ይለውጣል፣ ይሄዳል። ጋሼ ነው። ኮቱ በላብ ርሷል። አውቶቡሱ ቦምብ አናሳፍርም ብሎ ከልክሎት የተሞላውን ሲሊንደር ከመርካቶ እስከ ቀራንዮ በእግሩ ተሸክሞት መጥቷል። እግሬ ሥር አስቀመጠው፣ ሻንጣዬን አየና ፊቱን አኮሳተረ።

«ይሄን ሻንጣ ወደ ቦታው መልሽ» አለኝ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ «ሲሊንደሩ ሲሞላ ሃያ ስድስት ኪሎ ተኩል መሆን አለበት ብለውኛል። ጋሽ ተካ ጋ እናስመዝነው፤ እንዳያታልሉሽ» አለኝ።

እንዳያታልሉሽ! እንዳያታልሉን አላለም። ሲሊንደሩ የእኔ፣ ሥራውም የእኔ መሆኑን በዚያች አንድ ቃል ነው ያወቅኩት።

ከዚያ በኋላ መንግሥታት ተለዋወጡ፣ እኔ ግን ኬክ መጋገሬን አልተውኩም። የአስቴርን ልጆች ሠርግ ኬክ ሠርቻለሁ፤ የልጅ ልጆቿንም ጀምሬያለሁ። እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ አንድ ነገር ብመክራችሁ ቅር አይበላችሁ። ከብዶኛልና ሞልቷል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ብረቱን ቀንሱ። ስንት እንደቀረ ማወቅ ያስፈራል፣ አውቃለሁ፣ ዓለም የጨለመብኝ ባወቅኩበት ደቂቃ ነው። ነገር ግን በአሥራ አምስት ኪሎ ሐሳብ ሻይ ሳፈላ የዋልኩት ሴትዮ በግማሽ ኪሎ እውነት ሁለት ጣሳ ጋገርኩ።

ጋሼ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። እስከ ዕለተ ሞቱ «ተሳስቼ ነበር» ወይም «ጎበዝ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም። ሰዎች ይሄ አይከፋሽም ወይ ይሉኛል። ምን ይከፋኛል? የግራ ትከሻው ላይ ብረቱ የላጠው ቦታ ጠባሳ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ገላውን ታጥቦ ደጅ ሲሞቅ አየው ነበር።